የግርጌ ጽሑፍ

አፉላ፣ ሐሙስ ማታ፤ የበረሃው ወበቅ በር ያንኳኳል፣
በቴሌቪዥኑ ግን የኖርዌይ በረዶ ይወርዳል።
ከሐይቁ ሬሳ ወጥቶ
መርማሪው ስቬሬ ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

እናቴ ሽታየ ዕብራይስጥ አታነብም፣
ከሥር የሚሮጠው ፊደል አይጠብቃትም፤
እኔ ነኝ ቃል በቃል የማቀብላት፣
"ገዳዩ ግራኝ ነው"፣ "ሴትዮዋ ዋሽታለች" እያልኳት።
እስከ ሦስተኛው ክፍል አንድ ቃል አልሰረቅሁባት።

ሌሊት ስቬሬ ቤቱ ገባ፣ በረዶ ትከሻው ላይ፤
ኡልፍ የሚሉት ሰው ከማድቤት ብቅ አለ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ፤
ግንባሩን ሳመው።
ስልክ ጮኸ።
"ቆይ፣ ባሌ ሾርባ አሙቆልኛል" አለ ስቬሬ ለደዋዩ፤
ጽሑፉ ከሥር ሮጠ።
"ምኑ ነው?" አለች እናቴ።
"ደባሉ።"

ከ"ባሉ" ፊት አንዲት "ደ" አቁሜ
ከኋላዋ ተደበቅሁ፣
በሠላሳ አንድ ዓመቴ።

ዝም አለች። ማራገቢያው ሁለቴ ዞረ፤
ገዳዩ ገና አልተያዘም።
የሱፍ ቅርፊት ከከንፈሯ አነሳች፣
ዓይኗን ከበረዶው ሳትነቅል፦
"ያንተስ፣ የሃይፋው ደባል፣
ሾርባ ያሞቅልሃል?"