አራተኛው ሰሌዳ

የአውራጃው ውድድር ባበቃ በማግስቱ፣ ዋንጫው ከተሰጠ፣
በዜስታፖኒ የባቡር ሠራተኞች ክበብ
ከወንበሩ የተረፈው ሕዝብ በመስኮት ደፍ ተቀመጠ።
ጣሪያው ያፈስሳል፤ አንዱ ባልዲ ከመድረኩ፣ አንዱ ከበሩ ሥር፣
ጠብታው እንደ ጨዋታ ሰዓት ደቂቃ ሲቆጥር።

ማክቫላ ገባች፤ ቡናማ ካፖርት፣ የወንድ ጫማ፣
"ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ" አለች፣
ድምፅዋ እስከ ሁለተኛው ረድፍ ብቻ ሲሰማ።
ሊቀመንበሩ በጥቁር ሻሽ ዓይኗን አሰረላት፣
ሁለቴ ቋጠረው፤ እንዳታይ አይደለም፣ ሰው እንዳያማት።

ከጀርባዋ ዐሥር ጠረጴዛ፤
ፋርማሲስቱ ኢራክሊ፣ መምህርት ዡዡና፣
ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጡ መንታ ወንድማማቾች፤
አራተኛው ላይ ጉራም፣ ሐዲድ ቀያሪው፣
ሁለት ጣቱን ለባቡር የከፈለ።
እኔ በመሃል፤ ሃያ ዓመቴ፣ ሱሪዬ አዲስ፣
የነሱን እጅ ለሷ ጆሮ፣ የሷን አፍ ለነሱ እጅ የማደርስ።

"ሰሌዳ አንድ፤ ፈረስ፣ ኤፍ ስድስት።"
"ሰሌዳ ሁለት፤ ወታደር፣ ቤ አምስት።"
ዝም ትላለች። ጣቷ ጉልበቷ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፣
ከዚያ መልሷ ከግድግዳው ነጥሮ እንደ ኳስ ይመለሳል።
ሦስት መቶ ሃያ እንጨት በዚያች ሻሽ ውስጥ ተሰልፎ ሲጋደል
ስታስነጥስ እንኳ እፈራ ነበር፣ ግንብ ከግንብ እንዳይደባለቅ፣ ወታደር እንዳይጎድል።

ሦስት ሰዓት አለፈ። መንቶቹ ተሸንፈው ዘቢብ ይበላሉ፤
ዡዡና አቻ ወጥታ ታለቅሳለች፣ "ከደስታ ነው" ይላሉ።
ያን ጊዜ ማንጋኒዝ የጫነ ባቡር በመስኮቱ ሥር አለፈ፣
ባልዲው ተንቀጠቀጠ።
ጉራም በሦስት ጣቱ ግንቡን አነሣ፣ ዴ ስምንት ላይ አሳረፈ።
እኔ "ኤ ስምንት" አልሁ።

ባቡሩ ነው እላለሁ አንዳንዴ።
ግን ከሻሹ ቋጠሮ ያመለጠች አንዲት ሽበት ነበረች፤
ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፣ አፌም ተከተለው።

ጨዋታው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንዱ ከጠረጴዛው፣ አንዱ ከሻሹ በታች፣
እሷም በኔ ካርታ ንግሥቲቱን ላከች፤
"ንግሥት፣ ዴ ስድስት።"
ጉራም ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሰሌዳውን።
ሠላሳ ዓመት ሐዲድ የቀየረ ሰው
ባቡር መንገድ ሲስት አይጠፋውም፤
ግን በነጻ የመጣች ንግሥት ማንም አይመልስም።
እኔ ፊደል በላሁ፤
ግንቡ ንግሥት በላ።

ጣቷ ቆመ።
አዳራሹ አጉረመረመ፤ "ረሳች! ስድሳ ሞላት እኮ!"
እኔ ግን ወደ ኋላ ስትሄድ ይሰማኝ ነበር፣
ኩራዝ እንዳነሣ ሰው፣ በየክፍሉ፣ በየበሩ፣
የሐሰት ቁልፍ የሰጧት የቱ ጋ እንደሆነ ስትፈልግ።
አገኘችው።
አንገቷን አንዲት ስንዝር ወደኔ አዞረች፣ ከነሻሿ፣
ያን ጊዜ ስሜን ብትጠራ በዚያች ከተማ ዳግም ቀና አልልም ነበር።
"ሰሌዳ አራት፤ ተሸነፍሁ። ጎበዝ፣ ጉራም።
ቀጥል ልጄ። ሰሌዳ አምስት።"

ማታ ሻንጣዋን ተሸክሜ ጣቢያ ሸኘኋት፤
ልናዘዝ አፌን ስከፍት "ብርድ ይገባሃል፣ ዝጋው" አለች።
ባቡሩ ሊነሣ ሲል ግን በመስኮት ወጣ ብላ፤
"ያንተኛው ያምራል፣ ግንቡ ኤ ላይ የቆመበት።
ስድስት እርምጃ ይቀረኛል። ተራው ያንተ ነው።"

የጉራም ፎቶ ክበቡ ግድግዳ ላይ አለ፤
"ማክቫላን ያሸነፈ" ይላል፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል።
አልፌው ስሄድ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፣
እሱም አውቆ ዝም እንዳለ፣ እኔም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤
"ሰሌዳ አራት" እላለሁ፣ አንድ ወታደር እገፋለሁ፣
ጨለማው ውስጥ እጠብቃለሁ።
እስካሁን ያልሞከርሁት መውጫ ሁለት ቀርቶኛል።