ሦስተኛው ጣሳ

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ስወጣ፣
ለእጄ ሰዓት ሰጡኝ፤ በኪሴ ግን የመጣ
አንድ እፍኝ ብሎን ነው፣ ከወለል የለቀምኩት፣
ማንም ያልቆጠረው፣ እኔ ግን ያወቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ፣ ሽምብጥ ያለው ጓዳ፣
ጣሳ ተደርድሮበት እንደ ሠርግ እንግዳ፤
የቲማቲም ድልህ፣ የኒዶ፣ የቅቤ፣
የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሁሉን ሰብስቤ፣
አንዱን ለሮንዴላ፣ አንዱን ለማጠፊያ፣
አንዱን ለመሳቢያ ጎማ ማረፊያ።
በፕላስተር ለጠፍኩ ስማቸውን በቢክ፦
«ያልጋ ብሎን፣ ባለ አሥር፣ ከነዳዶው ልክ»፣
«የወንበር ተረከዝ»፣ «የኮመዲኖ እጀታ»፣
«ጥርሱ ያለቀበት፣ የክፉ ቀን ቦታ»።

አንዱ ጣሳ ብቻ ስም አልተገኘለት፤
ፈትቼ ስገጥም የሚተርፍ አለበት።
ሁሌ አንድ ይተርፋል። ቁምሳጥኑ ቆሟል፣
መሳቢያው ይሄዳል፣ በሩም በልክ ገጥሟል፤
ታዲያ ይኼ ከየት መጣ?
«የማይታወቅ» ብዬ ጻፍኩበት በቁጣ።

እማዋይሽ ደግሞ መደርደሪያ ስታጣ፦
«ምስሬን የት ላስቀምጥ? የት ላኑር ሹሮዬን?
ብረት አይበላ ነገር! መልስልኝ ጓዳዬን።»
ለጎረቤትም ጭምር፣ እኔው እየሰማኋት፣
«ዝገት ነው ያገባሁ» ትላለች ሲያስቃት።

ሐቅ አላት በዝገቱ፤ የጣና እርጥበት
ማታ ማታ ገብቶ በመስኮት ክፍተት
ይልሳል ብረቱን። በክረምት በተለይ
ጠዋት ክዳን ስከፍት ቀይ ዱቄት ነው የማይ።
በተቃጠለ ዘይት አንድ ባንድ አሸሁ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ መልሼ አስተኛሁ።

ከሐይቁ ዳር እንድሪስ፣ ደንገል ሲያስር፣ አይቶኝ
ጣሳ ተሸክሜ፣ ከት ብሎ ሳቀብኝ፤
«ይኸውልህ ታንኳ፤ ምስማር አያውቅም፣
ማሰሪያውም ደንገል፤ ቢርስም አይዝግም።»
«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት ቆም ብዬ።
«ሦስት ወር፣ አራት ወር…» «እንግዲያው ጓድዬ!»
ሁለታችን ሳቅን። ውሃውም ከጥጉ
ደንገሉን ይመታል፣ እንደ ሁልጊዜ ወጉ።

ባለፈው ጥር ወር ላይ፣ መብራት በሄደበት፣
ከሌሊቱ ስድስት፣ ውሻ በሚጮህበት፣
በራችን ተንኳኳ። ልየው ነው፣ የጎን ቤት፣
ካገባ ሦስት ቀኑ፤ ጋቢ ደርቦበት
ፊቱን አዙሮ ቆሟል። «ጋሼ… ይቅርታ… አልጋ…»
«ምን ሆነ?» «እግሩ… ወልቆ…» ቃሉ ጉሮሮው ጋ
ተወትፎ ቀረ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል
የእማዋይሽ ክርን ከጎድኔ ሲውል
ዋጥኩት።
ጓዳ ገባሁ በርሬ፤ ባትሪዬ ደብዝዞ፣
እጄ ጣሳ ዳበሰ፣ አንዱን ካንዱ አናውዞ፤
ሮንዴላ ፈሰሰ፤ ያ ሁሉ የተለፋ
ጽሕፈቴ በጨለማ እንዳልነበር ጠፋ።

እሷ ግን ከበሩ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ሦስተኛው ጣሳ ነው። ከኒዶው ጀርባ ጠጋ።»
«ምን የሚለው?» «ስም የለሽ፤ ‹የማይታወቅ› ያልከው።
ረጅሙን አውጣና ስጠው፤ ያው እሱ ነው።»
«በምን አወቅሽ አንቺ?» «ከኛ አልጋ የቀረ።
ስትገጥመው ተረፈ፣ ከመሶቡ ሥር አደረ፤
እኔ ነኝ ያነሣሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ
ሠላሳ አንድ ዓመት ተኛን፣ በሦስቱ ብቻ፣ እዚህ።»

ልየው ይዞት ሄደ፣ መፍቻዬን ጨምሮ፤
እስካሁን አልመለሰም። ይሁን፣ ትዳር ኑሮ።
እኔ ግን ጋደም ብዬ፣ ዓይኔ ጣሪያው ላይ፣
ቀስ ብዬ ነቀነቅኩ፦ ሲጥ ይላል ወይ? አይል ወይ?
ሲጥ አለ።
«ተኛ» አለችኝ።

ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሮንዴላ ስለቅም፣
ሦስተኛው ጣሳዬ ብረት አልያዘም።
ቀሪውን ብሎን ሁሉ የት እንዳደረገችው
ጠየቅኳት፤ «ግድ የለህም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።»
ምስር ነው ያለበት፣ እስካፉ ጢም ያለ።
«የማይታወቅ» የሚል ጽሕፈቱ ግን አለ።