ፍቅፋቂ

«እስከ ሐሙስ ጨርስ፣
አሮጌው አይታየኝ፣ ነጭ ብቻ ይልበስ»
ብለዋል ወይዘሮ መፍቱሃ፣ ቁልፉን ጥለው ሲሄዱ።
ከዚራ ገና በጠዋቱ፣
ኒሞቹ ሳይነቁ፣ ቆርቆሮዎች ነደዱ።

ስፓቱላዬን ሳልኩ። አቧራው ዓይኔን አለፈ፤
የቀበሌው ቢጫ ከሁሉ ቀድሞ ረገፈ።
ያቺ ሳሎን ለሦስት ቤተሰብ በአንሶላ ተከፍላ፣
በወር ሰባት ብር ከሃምሳ፣
የአንዷን ልጅ ልቅሶ በሌሊት ሌላዋ አባብላ።

ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፤ የምድር ባቡር ቀለም፣
የፉርጎ ትራፊ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም።
ፈታሹ ወልደሰማያት ከዴፖ ተበድሮት፣
እስከ ዛሬ ድረስ
ማንም መዝገብ ገልጦ ሳይቆጥርበት።

ከሱ ሥር አመድማ፤ የጣሊያን አምስት ዓመት፤
ከበሩ በላይ «ቪቫ» የሚል ጥቁር ጽሕፈት።
የማን ዕድሜ ይርዘም እንደሆን፣ ስሙ ተፍቋል፤
ከኔ በፊት ሌላ ፋቂ እዚህ ቤት ሠርቷል።

ከዚያም ውኃ ሰማያዊ።
ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሆኖበት ሙሴ ፓናዮት፣
የሐዲድ መጋዘን ጠባቂው፣
ያገሩን ባሕር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ቀባት።
መቃኑ ላይ የእርሳስ መስመር፣ የልጆች ቁመት መለኪያ፤
የግሪክ ፊደል በስተግራ፣ በቀኙ በኛ ፊደል «ዘኪያ»።
የአጣቢዋ ልጅ ትሆን? የአትክልተኛው? እንጃ፤
ከፓናዮት ልጅ በሁለት ጣት ትረዝማለች፣
ስለሷ ያገኘሁት ይኼው ነው ማስረጃ።

ከሁሉም በታች ኖራ። ነጭ፤ ወይዘሮዋ እንዳዘዙት!
ቁጭ ብዬ ሳቅሁ ብቻዬን፣ መሰላሉ ሥር ካለው ጥላ ላይ።
ፈረንሳይ ነው የሠራው ይባላል፣ ከሰማህ ወሬ ላይ፤
ኖራውን ያቦካው ግን፣ በእጁ የለሰነው፣
አውራ ጣቱን ትቶ ሄዷል፤
ጣቴን ባስገባው ገባ። ደመወዙ ስንት ነው?

ፍቅፋቂውን በጆንያ ደቻቱ ዳር ደፋሁት፤
መቶ ዓመት ቀላል ነው፣ በአንድ ትከሻ ያዝኩት።

ሐሙስ ወይዘሮ መፍቱሃ ቁልፉን ተረክበው፣
«አዲስ ሆነ» አሉኝ፣ ሒሳቤን ቆጥረው።
በሩን ወለል አድርገው ነበር፤
ቢዘጉት ኖሮ፣ ከኋላው
አንድ ክንድ መቃን አለ፣ ብሩሼ የረሳው።