ጉሮሮ

ጠባሴ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ ወዲያ፣
ጉድጓድ ምሼ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ለዝናብ ውሃ ማቆያ።
ለነጭ ሽንኩርት ነበር ሐሳቤ፣ ለጥቂት መደብ ካሮት፤
ሰኔ ግም ሲል፣ ማን እንደጠራት፣ መጣች አንዲት እንቁራሪት።
በማግስቱ ሦስት ሆነው ዋሉ፤
በሳምንቱ፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ፣ የላስቲኩን ጠርዝ ሞሉ።

«ይጮኻሉ» ይለኛል ሰው። እኔ ግን ምኑን ሰምቼ!
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ብርድ ልብስ ከሚሸምን ማሽን ጎን ውዬ አምሽቼ፣
ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ
ጡረታ የወጣ ነው፤ ደብዳቤ ሳይጻፍለት፣ ሳይሸለምም ደግሞ።

የማውቀው የሚታየውን ነው። ሲመሽ፣ ጉሙ ሳይወርድ ገና፣
በርጩማዬን አወጣለሁ፤ በጣቴ ጋርጄ የባትሪውን ፋና፣
አያለሁ፦ አፏ ዝግ ነው። ዓይኗ ወርቅማ፣ መሐሉ አግድም ስንጥቅ።
ከአገጯ ሥር ፊኛ ይነፋል፤ ስስ፣ ደም ሥሩ የሚለይ፣ ረቂቅ፤
ይሞላል፣ ይሞላል፣
ይጎድላል።
«እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ይባላል።
እኔ ሃያ ሌሊት ጠበቅሁ፤ አንዷም ስትፈነዳ አላየሁ፤
ተረቱን የተረተው ሰው ኩሬ ዳር አላመሸም፣ ይህን አወቅሁ።

እትዬ ፀዳለ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው ታዩ፤
ከንፈራቸውን አነበብኩ፦ «ሦስት ሌሊት ሆነኝ፣ ዓይኖቼ እንቅልፍ ሳያዩ!
ነጭ ጋዝ አፍስስባቸው!»
እሺም እምቢም አላልኩ፤ በርጩማዬን ለቀቅኩላቸው።
ተቀመጡ። አዩ። ባትሪውን ጨብጠው ኖሮ፣ ጣታቸው
ፍም መስሎ ያበራ ነበር።
ሲሄዱ አንድ ነገር አሉ፤ ባትሪው ግን ጠፍቶ ነበር፤
በጨለማ አይነበብም ከንፈር።

የልጅ ልጃቸው ምንተስኖት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ገብቶ፣
«ወንዱ ነው የሚጣራው» ሲል ጻፈልኝ፣ ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ።
«ምን እያለ?» ብዬ ጠየቅሁት።
እርሳሱን ነከሰ፤ አሰበ፤
«አለሁ፣ አለሁ»
ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።
መምህሩ ነግረውት ይሁን ከራሱ፣ አልጠየቅሁት።

ድሮ ማሽን ሲታመም፣ በጆሮ አልነበረም የማውቀው፤
መዳፌን ከብረቱ ላይ አሳርፌ ነበር የማደምጠው።
ትናንት ማታ እንዲሁ አደረግኩ፤ ከአንዱ ወንድ አንድ ስንዝር ርቄ፣
እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠብቄ፣
ውሃው ፊት ላይ አሳረፍኩት መዳፌን።
ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ ምንም።
ኋላ ጉሮሮው ሲነፋ፣
ከጣቶቼ ሥር የሆነ ነገር ነዘረ፤ ክብ ሆነ፤ ሰፋ፤
ሌላ ክብ ከማዶ መጣ፤ እንደ ድርና ማግ ተላለፉ፤
እጄ ደነዘዘ፤ ጣቶቼ ግን ላለመውጣት ተሰለፉ።

ለፎርማኑ እንደምለው፣ እንደ ድሮው፣
«ደህና ነው፤ ይሠራል» አልኩ።
ጮክ ብዬ ሳልል አልቀረሁም፤
ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለው ገቡ።