ሃያ አምስት ከግማሽ

ሱሉልታ በኅዳር ውርጭ ሣሩ ነጭ ሲለብስ፣
በእኔ ሳሎን ጥግ ግን ቆላ ነው የሚነፍስ፤
አንድ ክንድ ከስንዝር፣ በመስታወት ታጥሮ።

የጅቡቲን መስመር፣ መሪዬን ሳስረክብ፣
ጡረታዬ ይኸው ሆነ፦
ጨው መበጥበጥ፣ ቴርሞሜትር ማንበብ።

መጀመሪያ ሃያ ዘጠኝ አደረግሁት።
የጋላፊን ፀሐይ፣ ላቤን አስታውሼ፣
«ባሕር ማለት ሙቀት» ብዬ ተኮፍሼ።
ኮራሉ ቀለሙን ተፋ፤
በሦስተኛው ቀን እንደ ኖራ ነጣ።
«ቀቀልኸው» አለች ሎሚቱ። ሌላ አልጨመረችም።

ወደ ሃያ ሁለት ዝቅ አልሁ።
ቢጫዋ ዓሣ ማሞቂያው ሥር ተለጥፋ ዋለች፣
ፍም እንደሚሞቅ የሌሊት ዘበኛ።

ዛሬ ሃያ አምስት ከግማሽ ነው።
ነገሩ ግን ቁጥሩ አይደለም፤
ባሕር እንደ እኛ ሰፈር ሰማይ
ቀን በሸሚዝ፣ ሌት በጋቢ አያውቅም፤
አንዴ የያዘውን አይለቅም።
ይህን ለመማር ሁለት ኮራል ከፈልሁ።

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ሄደ።
ሃያ አምስት።
ሃያ አራት ተኩል።
«ለዓሣ ደግሞ ብርድ!» እያለች የምትስቅብኝ ሎሚቱ
ብርድ ልብሷን ከላይዋ ገፍፋ
መስታወቱን ጠቀለለችው።
እኔ በቡታጋዝ ውሃ ሳሞቅ፣
እሷ በሃይላንድ እየሞላች ስታንሳፍፍ፣
በስልክ ባትሪ ቀይዋን ጭረት ስንጠብቅ፣
ጣቷ ጣቴን ነካ። በረዶ።

ንጋት ላይ ጭረቷ ሃያ አምስትን ስታልፍ፣
«እንግዲህ» አለች፣ ክንዷን ዘርግታ፣
«እኔንም ለካኝ።»