ዘጠኝ ለስምንት

አዳማ ስመጣ በሥራ ዝውውር፣
ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፣ ከሸሚዞቼ ሥር፣
አንድ አሮጌ ራኬት፣ ጎማው የተላጠ፣
እጀታው ከላቤ ጋራ የቀለጠ፤
ሦስት ኳስም ነበር በካልሲ ጠቅልዬ፣
«ከተማ አይደል? ሞልቷል መጫወቻ» ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን ከቢሮ እንደወጣሁ፣
ፖስታ ቤት አጠገብ ባለባጃጅ ጠራሁ።
«ጠረጴዛ ቴኒስ የት አለ?» ብለው፣
«ቴኒስ?» አለ ስቆ፣ «እሱማ ሆቴል ነው።»
መቶ ብር ከፍዬ ወሰደኝ ፍራንኮ፤
ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሌላ ቴኒስ ነው እኮ!

አንዱ ሆቴል ግን አለው፣ ከመዋኛው አጠገብ።
ዘበኛው አየኝ፣ ከእግር እስከ ራስ፤
«ለእንግዳ ብቻ ነው» አለኝ፣ «ተመለስ።»
«እንግዳ ነኝ» አልኩት፣ «ለአገሩ፣ ወንድሜ።»
«አልጋ ለያዘ ነው።» ጥቂት አየሁ ቆሜ፦
ማንም አይጫወትም፤ ፎጣ ተሰጥቶበት፣
ወፍራም ድመት ነበር ጥጉን የተኛበት።

ወጣት ማዕከል ስሄድ ቁልፉ ሰው ጋ ነበር፤
ሰውየው ስብሰባ፣ ስብሰባው ባቱ ዳር።
ማክሰኞ ተመለስኩ፤ በሩ ተከፍቷል፣
ጠረጴዛው አለ፤ ግን ጨርቅ ለብሷል፤
ሦስት ሰዎች ከኋላው፣ ውሃ ተደርድሮ፣
ስም ይመዘግባሉ ለሥራ፣ ለኑሮ።
ተሰልፌ ደረስኩ፣ ስሜን ሰጠሁ እኔም፤
ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም።

ሚጊራ ፑል ቤት ስደርስ፣ ባለቤቱ
«ነበረን» አለና ጠቆመኝ በጣቱ።
«ፑል ነው ብር ያለው፤ ጆተኒም ይከፍላል፤
የናንተ ኳስ ቀላል፣ ገቢውም ይቀላል።»
ከቀይ ሽንኩርቱ ሥር ነጩን መስመር አየሁ፤
ላለማፈር ብዬ አንድ ኪሎ ገዛሁ።

ከቢሮ ቀልቤሳን በወሬ አነሣሥቼ፣
ሁለት የበር ጣውላ ግቢዬ ዘርግቼ፣
መረቡ የጡብ ረድፍ። አንድ ብሎ ሲለጋ፣
አዳማ ናትና ነፋሱ ተጠጋ፤
ያ ተራራው ላይ ነጭ ክንፍ የሚያዞር፣
ለአገሩ ሁሉ መብራት ሲቀዳ የሚያድር፣
የእኔን ኳስ ይተዋል? አነሣት፣ በረረች፣
ከጎረቤት ቆርቆሮ ተሻግራ ጠፋች።
አቧራው ሲበርድ ስናይ፣ በጊቱ አግኝታ
ታመነዥካታለች።

ሁለት ቀረኝ።

ተስፋ ቆርጬ ትቼው፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣
በቦኩ መንገድ ስሄድ፣ ሁሉም በጸጥታ፣
ያንን ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። ጠፋ። መጣ።
ጠቅ... ጠቅ። ጠቅ... ጠቅ። ከቆርቆሮ በር ኋላ የወጣ።
ያን ድምፅ የሚያውቅ ሰው በእንቅልፉም አይስተው፤
ባዶ ሆኖ የሚጮህ ደስታ እርሱ ብቻ ነው።

በሩን ገፋሁ። ሣጥን፤ ግራ ቀኙ ሣጥን፣
የልጅ፣ የጎልማሳ፣ በልክ በመጠን፣
ገና ያልተቀባ፣ መስቀል ያለው፣ የሌለው፤
መሐሉ ላይ ደግሞ መሥሪያ ገበታው፣
ዳር ዳሩን በኖራ መስመር ተሰምሮ፣
መረቡ የመስኮት ሽቦ ተወጥሮ።

ወርዶፋ ይባላል፤ ሣጥን ነው ሥራው፤
እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ጢሙ ሰጋቱራ ነው።
«ግድግዳው ደህና ነው፣ ነፋስ አይገባም» አለኝ፤
ስሜንም ሳይጠይቅ «በል ልጋ» አዘዘኝ።
እርሱ አይለጋትም፣ ኳሷን ይልጋታል፤
እንደ ጣውላ ጠርዝ አሳስቶ ይልካታል።
ሰባት ለባዶ መራኝ፤ ላቤ ወረደ፤
ከዚያ እጄ አስታወሰ፣ ጉልበቴ ለመደ፤
ስምንት ለስምንት ሆንን። ዘጠኝ አለ ደግሞ።
ልለጋ ስል በሩ ተንኳኳ። ሰው ቆሞ፣
ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ዝም።
ማንም አልጠየቀው፤ አይጠየቅምም።

ወርዶፋ ራኬቱን ሚስማር ላይ ሰቀለ፣
ሽቦውን ፈታና «ርዝመቷ?» አለ።
ሰውየው ደረቱን ነክቶ «እስከዚህ» አለ።

ጣውላ ተዘረጋ ከኖራው መስመር ላይ፤
ጫፉን ያዝኩለት፣ እርሱ ሲቆርጥ፣ እኔ ሳላይ።
ስወጣ ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፤
ኳሷ ኪሴ ውስጥ ትንኳኳለች፣ ከቤቴ ቁልፍ ጋር።

ሳምንት ቆይቼ መጣሁ። በእርሳስ፣ ግድግዳ ላይ፣
ከቀብድ ሒሳብ፣ ከስልክ፣ ከሣጥን ልክ በላይ፣
«ዘጠኝ ለስምንት» ይላል። ቀና ብሎ አየኝ፤
«ልጊያው ያንተ ነበር» ብሎ፣
እጁን አራግፎ፣ ቆሞ ጠበቀኝ።