ከዓሣው በፊት

አባቴ ምንይችል፣ የደንገል አሳሪ፣
ከሸምብጥ እስከ ደቅ ሰው አሻግሮ ኗሪ፤
ዛሬ ግን ቀኝ እጁ፣ ማንም ሳያዝዘው፣
ደረቅ አልጋ ላይ ነው ሲመሽ የሚቀዝፈው።

ሐኪም ክኒኑን በጻፈለት ማግስት፣
(የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው፣ ከመድኃኒት ቤት፣)
በመስኮቴ ብቅ አለ።
«የጎደለኝ ዶፓሚን ከሆነ ነገሩ፣
እሱኑ ስጪኛ፤ ምንድን ነው መዞሩ?»

«አይሻገርም፣ አባ። በደምህና በአንጎልህ መካከል አለ ቅጥር፣
እንደ አገልግል ስፌት የጠበቀ፣ ክፍተቱ ለዓይን የሚቸግር፤
ቅባት ለሚወድ፣ ለትንሽ፣ ሸክም ላላበዛ፣
ግንቡ ራሱ ቅባት ነው፣ ሟሙቶ ይገባል እንደዋዛ።
ያ የጉንፋን ክኒን፣ መቅዘፊያህን እንደያዝህ ያስተኛህ፣
እንዲያ ሾልኮ ነው፣ በረኛ ሳይጠይቀው፣ የገባብህ።
ዶፓሚን ግን ውኃ ወዳጅ ነው፤ ሙል ታጥቆ ይመጣል፣
ቅባቱን ሲነካ ይመለሳል፣ ደጅ ሲጠና ይውላል።
ትዝ አይልህም፣ ክብራን ገብርኤል ዳር፣ በልጅነቴ፣
ሴት ነሽ ተብዬ ታንኳው ላይ ስቀር፣ አንተ ስትገባ፣ አባቴ?
መነኩሴው ቂም ነበረው?
የለውም። ቅጥሩም እንዲያ ነው።»

ጥቂት አሰበ።
«ይሄኛውስ ታዲያ በየት በኩል ገባ?»

«መልኩን ለውጦ። አንዲት ጭራ ተቀጥላለት፣
የምግብ ፍርፋሪ መስሎ፣
ቅጥሩ ለስንቅ ባቆማት ታንኳ ላይ ተንጠላጥሎ።
ማዶ ሲወርድ ጭራዪቱን ይጥላል፤
ያኔ ዶፓሚን ይሆናል።»

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ፊቱ አይስቅም፤ ትከሻው ነው የሳቀ።
«ታንኳ ካለማ» አለኝ፣ «ነገሩ አለቀ።»

አላለቀም።

ፍልሰታን ሁሉ፣ ክኒኑን በባዶ ሆዱ፣ በውኃ ሲውጥ፣
እጁ እንደ ነሐሴ ጧት ሐይቅ ነበር፣ ጸጥ።
ጾሙ ተፈታ። ቆሮሶ ጠበስንለት፣ ሁለት፣ ከነራሱ፤
ክኒኑን አስከተለበት።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሩ ደጃፉ ላይ ተተከለ፣
እንደ ወደብ ችካል፤ ወደፊትም ወደኋላም አላለ።
ማሸጊያውን ገለበጥሁ፤ ቀኑ አላለፈም።
አስመጪውን ረገምሁ፣ በማላውቀው ስሙ።

ሌሊት ነው የገባኝ።
ዓሣው!
ሆዱ ውስጥ ተፈርፍሮ፣ ሺህ መንገደኛ ሆኖ፣
ያችኑ ታንኳ ቀድሞ ተሳፍሮባት ኖሯል፤
ክኒኑ ወደቡ ላይ፣ ተራ ሲጠብቅ መሽቶበታል።

አባቴ «በጾም እጄን የምታሳርፈው እመቤቴ ናት» ይላል።
እኔ ታንኳዋ ባዶ ስለሆነች ነው እላለሁ።
አልተጣላንበትም።

አሁን ክኒኑ ይቀድማል። ዓሣው ሰሐኑ ላይ ይበርዳል፣
ድመቷ ከበሩ ሥር ታደባለች።
እሱ ደንገል ታቅፎ፣ ለልጄ ለዳኝነት መጫወቻ፣
የመዳፍ ታህል ታንኳ ያስራል፤
አንዷን ቋጠሮ በጥርሱ ያጠብቃል።
«በል ብላ እንጂ» ስለው
ጣቱን ብድግ ያደርጋል፣ ጣቱ አይንቀጠቀጥም፤
«ይቆይ ዓሣው። ሰው እያሻገርሁ ነው።»